ብድግ ሲሉ የሚያዞር፦ ኪኒኑና ሰዓቱ

በቤይሩትና በዙሪያዋ፣ ሐምራ፣ አሽረፊዬ፣ ዶራ፣ ቡርጅ ሐሙድ ያላችሁ፣ የቤቱን ሥራ ጨርሳችሁ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሙኝ፣ ወይም ሳህን እያጠባችሁ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፋችሁ የምትሰሙኝ እህቶቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የዛሬውን ጉዳይ ያመጣችው ከሐምራ የደወለችልኝ አንዲት እህት ናት። ስሟ ይቆየን። ቤይሩት ከገባች ገና አራት ወሯ ነበር። ሥራዋ አንዲት አዛውንት መንከባከብ ነው፤ እናንተ «ቴታ» የምትሏቸውን፣ ሰማንያውን ያለፉ እናት። ጊዜው ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ነው። የመንግሥቱ መብራት ጠፍቷል፤ ኢሽቲራኩም፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር፣ በዚያ ሰዓት ተዘግቷል፤ አሳንሰሩ ቆሟል። ልጅቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምስ፣ የገበያ ዕቃ ተሸክማ አራት ፎቅ በደረጃ ወጣች። ዕቃውን ለማስቀመጥ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ጨለመ፣ ጆሮዋ ጭው አለ፤ ግድግዳ ይዛ ቆመች።

ቴታም ከአልጋ በተነሱ ቁጥር እንዲሁ ይሆናሉ። ለዚያም በቀን ሦስት ጊዜ አንዲት ትንሽ ኪኒን ይወስዳሉ። «እሳቸውም ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ እኔም ስነሳ አዞረኝ፤ በሽታችን አንድ ነው» ብላ ከቴታ ኪኒን አንዷን ዋጠች።

ስትደውልልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እትዬ፣ ራሴን ጉንዳን ወረረኝ። ፀጉሬ ሥር እየሄደ ያሳክከኛል። የክንዴ ጠጉር ሁሉ ቆሟል። በዚህ ሙቀት ይበርደኛል። እባክሽ ልተኛ ወይ?» አለችኝ።

«አትተኚ!» አልኳት። «ወንበር ላይ ቀና ብለሽ ተቀመጪ። የቴታን የግፊት መለኪያ አምጪና ክንድሽ ላይ እሰሪው።»

አንድ ሰው አዞረኝ ሲል «ጋደም በል» ማለት ነው የለመድነው። እኔ ነርስ ሆኜ ለምን አትተኚ እንዳልኳት የሚገባችሁ የኪኒኑን ሥራ ስታውቁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስንነሳ ስለሚወርደው ግፊትና ስለ መድኃኒቶቹ በደንብ እንነጋገር። በተለይ የሰው እናት፣ የሰው አባት በእጃችሁ ያለ ሁሉ ጆሮ ስጡኝ። ሐኪሙ ያዝዛል፣ ፋርማሲው ይሸጣል፣ ኪኒኑን ከብርጭቆ ውኃ ጋር በሰዓቱ ይዛችሁ የምትቀርቡት ግን እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ በአማርኛችን ብዙ መደናገር አለ። አንድ ሰው ሲያዞረው «ደም ማነስ ነው» እንላለን። ደም ማነስ ሌላ ነው። በደም ውስጥ ያለው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ ነገር ሲቀንስ ነው ደም አነሰ የሚባለው፤ የሚታወቀውም በደም ምርመራ ነው። «ግፊት አለበት» ስንል ደግሞ ከፍ ያለውን ብቻ ማለታችን ነው፤ ዝቅ ያለው ስም እንኳ የለውም። አሠሪዎቻችሁ፣ ማዳሞቹ፣ በዐረብኛ «ዳግታ ዋቲ» ሲሉ የምትሰሙት ይህንን ነው፦ ግፊቷ ዝቅ ብሏል ማለታቸው ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ደግሞ ከዚህም ለየት ያለ ነው። ሰውየው ተኝቶ ሲለካ ግፊቱ ደህና፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ ይሆናል። ብድግ ሲል ነው የሚወድቀው። ተቀምጠው ብቻ ከተለኩ ማንም አያየውም፤ ለዚህ ነው ብዙ አዛውንት ሦስት አራት ጊዜ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀረው።

ቁጥሩ የታወቀ ነው። ሰውየው ከቆመ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው ቁጥር በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሲቆም ግፊቱ ይወድቃል ይባላል። አለካኩም ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ ይጋደሙ፣ ይለኩ። ይነሱና ይቁሙ፤ እናንተ አጠገባቸው ሁኑ። በአንድ ደቂቃ ይለኩ፣ በሦስተኛው ደቂቃ ይድገሙ። ተኝተው 150 በ85 የነበሩ እናት ቆመው 110 በ65 ቢሆኑ፣ ሁለቱም ቁጥር ለብቻው ሲታይ የሚያስደነግጥ አይመስልም። ክፍተቱ ግን 40 ነው። የሚያንገዳግዳቸው ይኸው ክፍተት ነው።

ስንቆም ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል? ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። በማድጋ ያለ ውኃ ማድጋው ሲቆም ወደ ታች እንደሚሄድ ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ይህን አያውቀውም። በአንገትና ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ቧንቧ ላይ ግፊት የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ ግፊቱ ዝቅ ማለቱን በቅጽበት ለአንጎል ይነግራሉ። አንጎልም በነርቮች በኩል ያዛል፦ ልብ ፍጠን፣ የደም ቧንቧዎች ጥበቡ። ነርቮቹ ይህን ትእዛዝ የሚያደርሱት ኖርኢፒነፍሪን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ መድኃኒቶቹ ጋ ስንደርስ ይመለሳል።

እንግዲህ ችግሩ ከሁለት ወገን ሊመጣ ይችላል። አንዱ የደሙ ወይም የፈሳሹ መጠን ሲያንስ ነው፦ ውኃ ጥም፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ላብ፣ የደም መፍሰስ። ሁለተኛው መልእክተኛው፣ ነርቩ ራሱ ሲታመም ነው። ለብዙ ዓመት የቆየ የስኳር በሽታ እነዚህን ነርቮች ይጎዳል። ፓርኪንሰን፣ ያ እጅ የሚያንቀጠቅጠውና እርምጃ የሚያሳጥረው በሽታ፣ እንዲሁ ይጎዳቸዋል። ነርቮቹ ብቻቸውን የሚታመሙበትም አለ፤ ብራድበሪና ኤግልስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ሦስት እንዲህ ያሉ ሕሙማንን አይተው ጽፈዋል። ሲቆሙ ራሳቸውን ይስታሉ፣ ልባቸው ግን አይፈጥንም፣ ላብም አያልባቸውም ነበር። የልብ ምቱ ነገር ዛሬም ምልክት ነው። ውኃ የጠማት ልጅ ስትቆም ልቧ ድው ድው ይላል፤ ነርቫቸው የታመመ አዛውንት ግን ግፊታቸው እየወደቀ ልባቸው እንደ ነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ ስትለኩ የልብ ምቱንም ቁጥር ጻፉ፤ መለኪያው ራሱ ያሳያችኋል።

በሐምራ ያለችው እህታችንና ቴታ በሽታቸው አንድ ያልሆነው በዚህ ነው። የእሷ ፈሳሽ ነው ያነሰው፤ የእሳቸው መልእክተኛ ነው የታመመው።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። መድኃኒቱ ራሱ። የቴታን ወይም የጂዶን፣ የሽማግሌውን አባት፣ የኪኒን ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። ለደም ግፊት፣ ለልብ፣ ሽንት ለማሸናት እንደ ላሲክስ ያለው፣ ለፕሮስቴት እንደ ታምሱሎሲን ያለው፣ ለድብርት የሚሰጡ የቆዩ መድኃኒቶች፣ ለፓርኪንሰን ሌቮዶፓ፤ እነዚህ ሁሉ ሲቆሙ ግፊት ሊጥሉ ይችላሉ። አንዱ ሐኪም ለልብ ጻፈ፣ ሌላው ለሽንት ጨመረ፣ ሦስተኛው ለእንቅልፍ አከለ፤ ሁሉን አንድ ላይ ያየ የለም። እናንተ ምንም ኪኒን አታቁሙ፣ አትቀንሱ። የሁሉንም ካርቶን ፎቶ አንሡና ለማዳም «ሐኪሙ አንድ ላይ ይያቸው» በሉ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው አዲስ መድኃኒት መጨመር ሳይሆን ከአሮጌዎቹ አንዱን መቀነስ ወይም ሰዓቱን መቀየር ነው። ይህን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ፤ ኪኒን በኪኒን ላይ ሲደረብ ብዙ አይቻለሁና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሲነሱ የሚወድቁ ከሆነ መድኃኒት ይታሰባል።

እህታችን የዋጠችው ሚዶድሪን ይባላል። በአውሮፓ በብዛት የሚታወቀው ጉትሮን በሚል ስም ነው። ወደ ሰውነት ሲገባ ተለውጦ በደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይነካና ቧንቧውን ያጠብባል። ነርቩ ማድረስ ያቃተውን ትእዛዝ እሱ ያደርሳል ማለት ነው። ከተዋጠ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ኃይሉ ይታያል፤ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ይደክማል። ለዚህ ነው በቀን ሦስት ጊዜ የሚሰጠው። መጠኑ ከ2 ነጥብ 5 ሚሊግራም ይጀምርና እስከ 10 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ስንቱ ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ያ በራሷ ላይ የሄደው «ጉንዳን» የዚህ መድኃኒት የታወቀ ባሕርይ ነው። ጠጉር የሚያቆሙትን ጥቃቅን ጡንቻዎችም ስለሚነካ ክንድ ይኮሰኩሳል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ የራስ ቆዳ ያሳክካል። ቴታችሁ ይህን ካሏችሁ አለርጂ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ለሐኪሙ ግን ንገሩ። ሽንት ማስቸገርም አለ፤ ፕሮስቴት ላለባቸው ጂዶ ይህ ከባድ ነው። ብርቱ የልብ በሽታ፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ላለበት ሰው መድኃኒቱ አይመችም። ፋርማሲ ያለ ወረቀት የሚሸጠው፣ አፍንጫ የሚከፍት የጉንፋን ኪኒንም ቧንቧ ያጠብባል፤ ሁለቱ ከተገናኙ ግፊቱን ከልክ በላይ ይሰቅሉታል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፤ ኪኒኑ ሰውየው ይቁም ይተኛ አያውቅም። ቧንቧውን ያጠብባል፣ በቃ። ሲቆሙ ደሙ ወደ እግር ስለሚሄድ ኪኒኑ ያግዛል። ሲተኙ ግን ደሙ ሁሉ ወደ ልብና ወደ ራስ ተመልሷል፤ በዚያ ላይ ቧንቧው ከጠበበ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፤ 180፣ 200 ሊደርስ ይችላል። ለልብም ለአንጎልም አደጋ ነው። እህታችንን «አትተኚ» ያልኳት ለዚህ ነው። ተቀምጣ ለካች፤ 148 በ92 አለችኝ። ለወጣት ጾመኛ ይህ ብዙ ነው። ራስ ምታት ቢበረታ ወይም ደረቷን ቢጨንቃት ሐኪም ቤት እንድትሄድ ነግሬያት፣ ኃይሉ እስኪያልፍ በስልክ አብሬያት ቆየሁ።

ስናወራ ነው ሁለተኛው ነገር የወጣው። «ለቴታ ሦስተኛዋን ስንት ሰዓት ነው የምትሰጫቸው?» ብዬ ጠየቅኳት። «በሦስት ሰዓት፣ ልክ ሊተኙ ሲሉ» አለችኝ።

ክው አልኩ። ማዳም ያስረዳቻት እንዲህ ብላ ነው፦ አንዷን ሲነቁ፣ አንዷን በምሳ፣ አንዷን «በሦስት ሰዓት»። የማዳም ሦስት ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓታችን ነው። ከኢትዮጵያ ገና የመጣች ልጅ ግን ከምሳ በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት የምታውቀው ከምሽቱ ሦስት ብላ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው፤ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ጀምረው። በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም። ቴታ ግን አራት ወር ሙሉ በየምሽቱ ኪኒኑን ወስደው ወዲያው ይተኙ ነበር። ሌሊት ራሳቸውን እያመማቸው፣ ሽንት ደጋግሞ እየቀሰቀሳቸው ያድሩ እንደነበር ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ። ግፊት በሌሊት ሲሰቀል ኩላሊት ሽንት ያበዛል። ጠዋት ፈሳሹ ጎድሎ ስለሚነሱ ማዞሩ ይብሳል። ማዳምም «ኪኒኑ አልሠራም» እያለች ነበር።

ስለዚህ ወረቀትና እስክርቢቶ ያላችሁ ጻፉ። የሚዶድሪን የመጀመሪያዋ ኪኒን ጠዋት ገና ከአልጋ ሳይነሱ ነው። ሁለተኛዋ እኩለ ቀን ገደማ። ሦስተኛዋ ከሰዓት በኋላ ናት፤ በእነሱ ቆጠራ ከ6፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለፍ የለባትም፣ ከመኝታም ቢያንስ አራት ሰዓት መቅደም አለባት። ሰዓቷ ካለፈ ትዘለል፤ በማግስቱ ሁለት አድርጋችሁ አትስጡ። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። ፀሐይ ሳሉ፣ የምሳ ሳህን ሳሉ፣ የከሰዓት ቡና ሲኒ ሳሉ። ሥዕል ሰዓት አያምታታም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሐምራ ቤቶች በጣም የተለመደ ስለሆነ። ከምሳ በኋላ ቴታ ጋደም ይላሉ። የእኩለ ቀኗን ኪኒን ወስደው ጠፍጣፋ ከተኙ የሌሊቱ ችግር በቀን መጣ ማለት ነው። ወይ የሚያርፉት በሚደገፍ ወንበር ቀና ብለው ይሁን፣ ወይ የኪኒኗ ሰዓት ከዕረፍታቸው በኋላ እንዲሆን ሐኪሙ ይጠየቅ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ለሚውሉ ሰው ደግሞ ይህ ኪኒን ምን ይጠቅማል? የሚሰጠው እንዲቆሙበት ነው። ታመው የተኙበት ቀን ካለ «ዛሬ ልስጣቸው ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትስጡ።

ሚዶድሪን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ነው፤ ያኔ የታየው ሲቆሙ ግፊት ከፍ ማድረጉ ነበር። ኑሮን እንደሚያሻሽል የሚያረጋግጡ ጥናቶች በኋላ ይቅረቡ ተብሎ ሳይሟሉ ቀሩና፣ በ2010 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ ላወጣው ነው አለ። ሕሙማንና ሐኪሞች ተቃወሙ፤ መድኃኒቱም ገበያ ላይ ቆየ። ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ? ቁጥር ከፍ ማለቱ ብቻውን ግብ ስላልሆነ ነው። የምንፈልገው ቴታ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ሳይወድቁ እንዲሄዱ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ «ግፊታቸው ስንት ሆነ» ብቻ አትበሉ፤ «አሁን ቆመው ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ» ወይም «አሁንም አይችሉም» በሉት። ከቁጥሩ እኩል ይጠቅመዋል።

ሌላው የታወቀ መድኃኒት ፍሉድሮኮርቲሰን ነው፤ ፍሎሪኔፍ በሚልም ስም ይታወቃል። መንገዱ ሌላ ነው፤ ቧንቧ አያጠብብም፣ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ በ0 ነጥብ 1 ሚሊግራም ይጀመራል። ዛሬ ወስደው ዛሬ ለውጥ አይታይም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይፈልጋል። «አልረዳኝም» ብለው በሦስተኛው ቀን እንዳይተዉት አበርቷቸው። ጨው ሲይዝ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ያስወጣል፤ ስለዚህ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ፖታሲየም ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ ልብ ምቱን ያዛባል። እግር ቢያብጥ፣ ክብደት በጥቂት ቀን ቢጨምር፣ ሲተኙ ትንፋሽ ቢያጥር ያንኑ ቀን ይነገር። ልቡ ለደከመ ሰው ይህ መድኃኒት አይሆንም። ደግሞም በድንገት አይቋረጥም።

ድሮክሲዶፓ የሚባለው የኖርኢፒነፍሪን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሰውነት ራሱ ለውጦ ያን የጎደለውን ኖርኢፒነፍሪን ይሠራበታል። ጃፓን ከ1989 ጀምሮ ትጠቀምበታለች፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ2014 ነው። ለፓርኪንሰንና ለነርቭ ሕሙማን ነው የታሰበው። እሱም በመኝታ ሰዓት አይወሰድም፤ የመጨረሻው ቢያንስ ከመኝታ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። ውድ ነው፤ በብዙ አገርም አይገኝም።

ፒሪዶስቲግሚን፣ ማለትም ሜስቲኖን፣ በዋናነት የጡንቻ መድከም በሽታ መድኃኒት ነው። የነርቮቹን ንግግር በጥቂቱ ያጎላል፤ የሚረዳው በመጠኑ ነው። መልካምነቱ ተኝተው እያሉ ግፊትን ብዙ አለመስቀሉ ነው። ሆድ ሊቆርጥና ሊያስቀምጥ፣ ምራቅም ሊያበዛ ይችላል።

አሁን ስለ ፋርማሲ። በሊባኖስ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በ2021 ሊራው ሲወድቅ የመድኃኒት መደርደሪያዎች ባዶ ሆኑ፣ በጁላይ ፋርማሲዎች አድማ መቱ፣ በኖቬምበር ደግሞ መንግሥት ድጎማውን ከብዙ መድኃኒቶች ላይ ቀነሰ። ያኔ ኪኒን በዘመድ ሻንጣ ከቱርክም ከፈረንሳይም ይመጣ ነበር። ዛሬም በብዙ ቤት ያ ልማድ አልቀረም። ትናንት በአረንጓዴ ካርቶን የነበረው ዛሬ በሰማያዊ ይመጣል፤ ስሙ በቱርክኛ ተጽፏል። በዚህ ጊዜ የምታዩት የንግድ ስሙን ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስምና ሚሊግራሙን ነው። የድሮው 2 ነጥብ 5 ከነበረ፣ የመጣው 5 ከሆነ፣ አንዷ ኪኒን ሁለት ሆነች ማለት ነው። ማንበብ ካስቸገራችሁ አሮጌውን ካርቶን አትጣሉ፤ ሁለቱን ይዛችሁ ሰይደሊዬ፣ ፋርማሲው ጋ፣ ጎራ በሉና «አንድ ናቸው ወይ?» በሉ። 

ከመድኃኒት ውጭ ያለው እንክብካቤ ከኪኒኑ አያንስም። ከሁሉ የምወደው ውኃ ነው። ነርቫቸው የታመመ ሰዎች ግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢጠጡ፣ ጥቂት ቆይቶ ግፊታቸው ከፍ ይላል፤ በአንዳንዱ ከ20 በላይ። አንድ ሰዓት ያህልም ይቆያል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የመጀመሪያዋን ኪኒን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ስጧቸው፤ ሌላም አስከትሉ። ከዚያ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ እግራቸውን ወደ ታች ያውርዱ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ቀስ ብለው ይነሱ። ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ከሆነ የውኃውም የጨውም መጠን በሐኪም ነው የሚለካው።

የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ የሌሊቱን ግፊት ይቀንሳል። ትራስ መደራረብ ግን አይደለም፤ አንገት ብቻ ነው የሚያጣምመው። ከአልጋው ሁለት የራስጌ እግሮች ሥር ጠንካራ ነገር ይግባ። እስከ ጭን የሚደርስ የሚያጠብቅ ካልሲና የሆድ መቀነትም አለ። አገር ቤት ያሉ እናቶቻችን ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ታጥቀው ሲውሉ አይታችኋል፤ ሆድ ላይ የሚከማቸውን ደም ወደ ላይ ለመግፋት የሐኪሞቹም ምክር እንደዚያው ነው። ቆመው ሳሉ ካዞራቸው እግራቸውን አጣምረው ጭናቸውን ይጭመቁ፤ ካልቻሉ እዚያው ወለሉ ላይም ቢሆን አስቀምጧቸው። ወንበር ፍለጋ አትጎትቷቸው። ከባድ ምሳም ደም ወደ ሆድ ስለሚስብ ማዞሩን ያባብሳል፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ሙቅ ሻወር ጠዋት ጠዋት ይቅር።

ወደ ራሳችሁ ልመለስ። እናንተ ሰው ስታነሡ ስታስተኙ፣ እናንተን ማን ይለካል?

ፍልሰታ በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ለቤይሩት ይህ የእርጥበትና የወበቅ ወር ነው፤ ላብ ከሰውነት ጨውና ውኃ ይዞ ይወጣል። ረመዳን የምትጾሙ እህቶቼም በረጅም ቀን ሲውል ታውቁታላችሁ። ጾማችሁን አልነካም፤ እኔም የምጾም ሰው ነኝ። ግን የቀኑን ጾም ስትፈቱ ከሻይና ከቡና በፊት ውኃ ይግባ፣ ጨው ያለበት ሾርባ ይከተል፤ ከባዱ ሥራም ቢቻል ለጠዋት ይሁን። ቅዳሴ ረጅም ሰዓት ስትቆሙ ጉልበታችሁን ገትራችሁ አትቁሙ፤ ጣታችሁን፣ ባታችሁን አንቀሳቅሱ፤ ዓይናችሁ ውልብ ካለ ተቀመጡ። መቋሚያ የተሠራው እንድንደገፈው ነው፤ መቀመጥም ኃጢአት አይደለም።

ወር አበባችሁ እጅግ የሚበዛ ከሆነ፣ ሥጋም ምስርም ሳትቀምሱ በዳቦና በሻይ የምትውሉ ከሆነ፣ ያ ማዞር በእርግጥ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ የደም ምርመራ አድርጉ። ያዞራት ልጅ ወር አበባዋ ቀርቶ ከሆነ እርግዝና ይታሰብ፤ በተለይ የሆድ ሕመም ካለ ሳትዘገይ ትሂድ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደረት ከጨነቀ፣ ልብ ያለ ምክንያት ከዘለለ፣ ወይም ተቀምጣችሁም ተኝታችሁም ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ይህ የመቆም ጉዳይ አይደለም። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ደውሉ፤ ሊባኖስ ውስጥ ከየትኛውም ስልክ ይሠራል። ሎሚ ማሽተቱ፣ ፊት ላይ ውኃ መርጨቱ ክፉ አይደለም፤ ግን የወደቀን ሰው አጋድማችሁ እግሩን ከፍ ማድረግ ይቅደም። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ምንም አታፍስሱ፤ ስኳር ውኃም፣ ጠበልም ነቅቶ ሲቀመጥ ይደርሳል።

የቴታን ኪኒን ግን፣ እህቶቼ፣ የቴታን ኪኒን አትዋጡ።

ያቺ እህት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። ማዳምን አስረድታለች፤ ሐኪሙም ሦስተኛዋን ኪኒን ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጓታል፤ ለሽንት የሚወስዱትንም አንዱን ቀንሷል። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ፎቶ ላከችልኝ። ፀሐይ፣ ሳህን፣ ሲኒ። ከሥራቸው ደግሞ በሁለት መስመር፣ በእኛም በእነሱም ሰዓት፣ ተኝተውና ቆመው የተለኩ ቁጥሮች ተደርድረዋል። የመጨረሻው ረድፍ 138 ተኝተው፣ 121 ቆመው ይላል። «ዛሬ ጠዋት» አለችኝ፣ «በረንዳ ላይ ወጥተው ልብስ ሳሰጣ መቆንጠጫ እያቀበሉኝ ነበር። ቆመው።»